እናቴ እንዴት እንደሞተች ለእህቴ የነገርኳት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ የመሬት ክርክር፣ የቀለብ ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ ስጽፍ እውላለሁ። «እንዲወሰንልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ። ልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው። ደራሲ መሆን።

ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት የሰው ሁሉ አፍ ተፈታ። በሚኒባስ ውስጥ፣ በሻይ ቤት፣ በመስጊድ በር የማይወራ ነገር አልነበረም። እኛም ጥቂት የከተማው ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ እየተሰበሰብን የጻፍነውን ማንበብ ጀመርን። የሚመሩን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ብዙዎቻችንን አስተምረውናል፤ እኔንም ጭምር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ሐይቁ የጻፍኩትን አነበብኩ። «የተፈጥሮ መስታወት» ብያለሁ፤ «ከሰማይ የወረደ ዕንቁ» ብያለሁ፤ ያላልኩት የለም። ስጨርስ ተጨበጨበ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ፣

«ልጄ፣ ሐይቁ ዳር ሄደህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«እዚያው አይደል ያደግኩት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያወጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

አላውቅም ነበር።

«ሂድና እይ። ያየኸውን ብቻ ጽፈህ ና። ‹ውብ› የሚል ቃል ካገኘሁበት አላነበውም።»

ተናደድኩ። ቢሆንም በማግስቱ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት ወሬ የሚያውቀው ሰው እኔ አልነበርኩም፤ ታላቅ እህቴ ናት። ሳውዲ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት አልፏት ነበር። ለእናታችን በየሁለት ቀኑ የድምፅ መልእክት ትልካለች። እናቴ ዐስር ሰግዳ ስትጨርስ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩን እከፍትላታለሁ። አብረን እንሰማለን። እናቴ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛ ትስቃለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ትቆዝማለች።

አንድ ቀን እህቴ እንዲህ አለች። «እማ፣ የማዳሜ እናት አሮጊት ናት ብዬሽ የለ? በሞተች ልጇ ስም ነው የምትጠራኝ። አንድ ቀን ‹እኔ እሷ አይደለሁም› አልኳት። ቀኑን ሙሉ አልበላም ብላ ዋለች። በማግስቱ ስትጠራኝ ‹አቤት› አልኳት። በላች። አሁን በየቀኑ አቤት እላታለሁ።»

ይኸው ነው። ከኋላዋ የድስት ክዳን ሲንኳኳ ይሰማል። እናቴ ስልኩን እያየች ቆየችና «ልጄ የሌላ ሰው ልጅ ሆነች» አለች።

እኔ ይህን ወስጄ ታሪክ አደረግኩት። የስደት እሳት ጨመርኩበት። እህቴን መሬት ላይ በርከክ አድርጌ አስለቀስኳት፤ አሮጊቷንም እንባዋን እንድትጠርግላት አደረግኩ። ደስ ብሎኝ ደወልኩና ለእህቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ አላለቀስኩም። ሩዝ ነበር የማበስለው።»

«ታሪኩ እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ወንድምዬ፣ ያልሆንኩትን አታድርገኝ» አለች። አልተቆጣችም። ደክሟት ነው የተናገረችው።

ነገሩን ለመምህሩ ስነግራቸው የእህቴን ድምፅ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። አሰማኋቸው። «ደግመህ አሰማኝ» አሉ። «ደራሲዋ እሷ ናት» አሉኝ። «አንተ ገና ጌጥ ሻጭ ነህ።»

ከዚያ በኋላ ለመማር ቆርጬ ተነሣሁ። ማመልከቻ ሊያጽፉ የሚመጡትን ሰዎች ማቋረጥ ተውኩ። አንዲት ሴት ባሏ ቤት ጥሎ የሄደበትን ቀን ስትነግረኝ ስለ ባሏ ሳይሆን በዚያ ቀን ስለተደፋባት ወተት ደጋግማ እንደምታወራ አስተዋልኩ። ያንን ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። እህቴ የምትልካቸውን መልእክቶችም ቃል በቃል እየገለበጥኩ የት ላይ ዝም እንደምትል፣ የቱን ነገር ለመጨረሻ እንደምታቆይ አጠና ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩ ወረቀቴን በቀይ ይሰርዙታል። የሚሰረዘው በየጊዜው እያነሰ መጣ፤ ግን «ጥሩ ነው» ብለውኝ አያውቁም።

ጦርነቱ መጀመሪያ ወሬ ነበር። ቀጥሎ በወልድያ በኩል ሰው ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ አምባሰል ደረሰ። በአህያ ላይ ፍራሽ የጫኑ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ባዶ እጃቸውን የወጡ ሰዎች በደጃችን አለፉ። እናቴ የተወለደችው አምባሰል ነው። ጄሪካን ውሃና ኩባያ ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ ታጠጣለች። «ከየት ነህ ልጄ? የማን ወገን ነህ?» ትላለች። ዘመድ ያገኘችበት ቀንም ነበር።

«እኛም እንውጣ» አልኳት።

«እኔ ከአምባሰል አንዴ ወጥቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ደሞ በየትኛው እግሬ?»

እውነቷን ነው። ስኳር ነበረባት። ቀኝ እግሯ ካበጠ ቆይቷል፤ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ግድግዳ ትደገፋለች። በየቀኑ መርፌ የምወጋት እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨርሷል። ቤት የቀረን ኢንሱሊን ብልቃጡ ታች ላይ ያለች ጥቂት ናት። ሄጄ ከደሴ ላመጣ፣ በዚያው ቀን ልመለስ ከእናቴ ጋር ተስማማን። ጎረቤታችን፣ እንደ እናቴ የአምባሰል ሰው የሆነች ትልቅ ሴት፣ «እኔ አለሁላት፣ አብሽር» አለችኝ። እናቴ ስወጣ «ቶሎ ና» አለችኝ።

ደሴ ፋርማሲዎቹ ግማሾቹ ተዘግተዋል። በአራተኛው ሁለት ብልቃጥ አገኘሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በፌስታል ያዝኩት። ወደ ሐይቅ የሚሄድ መኪና ግን አልነበረም፤ መኪናው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቤተሰቡን ሊያወጣ ባዶ አይሱዙ ይዞ የሚሄድ አንድ ሾፌር አገኘሁና ለምኜው ጫነኝ። መንገዱ በሰው ሲሞላበት እሱም አቁሞ አወረደኝ። በእግሬ ሄድኩ። ሐይቁ ከታች ከሚታይበት አንድ ኩርባ ላይ ስደርስ አህያ የሚነዱ ሰውዬ አስቆሙኝ።

«ወዴት ነህ?»

«ሐይቅ።»

«ተይዛለች እኮ! ጠዋት ነው የገቡት። ወጣት ወንድ ካገኙ ይይዛሉ አሉ። ተመለስ፣ ልጄ።»

ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ከዚያ ኩርባ ላይ የሠፈራችንን የመስጊድ ሚናራ ለይቼ ማየት እችላለሁ። ፌስታሉ እጄ ላይ ያንጠባጥባል። ሰው በግራ በቀኝ እየገፋኝ ያልፋል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ተመለስኩ።

እግሬ ነው የተመለሰው፤ ሰው ነው ገፍቶ የመለሰኝ እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የተመለስኩት።

ደሴ አደርኩ፤ ደሴም መቆያ አልሆነችም። ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ተፈናቃይ በሰፈረበት ትምህርት ቤት አንዲት ነርስ አግኝቼ ፌስታሉን ሰጠኋት። ብልቃጦቹን በእጇ ዳሰሰችና «ሞቀዋል እኮ፤ ከዚህ በኋላ አይሆኑም» አለችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ትቻቸው ወጣሁ። በሐይቅ በኩል ስልክ ተቋርጧል። የኔ ስልክ ግን ይሠራል። አጠፋሁት። እህቴ ብትደውል ከእናታችን ጋር አለመሆኔን ታውቃለች። ምን እላታለሁ?

ከተማዋ ተለቃለች ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች ጋር ገባሁ። ጎረቤታችን በራችን ላይ አመድ ስትጠርግ አገኘኋት። ስታየኝ መጥረጊያውን ጣለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ መናገርም አላስፈለጋትም። ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ። አፈሩ ደርቋል። ራስጌው ላይ ያቆሙት ድንጋይ ከአጥራችን የተነቀለ መሆኑን አወቅሁ። እንዴት እንደሞተች አልጠየቅኳትም። ልትነግረኝ ስትጀምር «ተይ፣ እትዬ፣ ተይ» አልኳት።

ኔትዎርክ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ የገባው ጥሪ የእህቴ ነበር።

«አለህ? አልሐምዱሊላህ! እማን ስጠኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«እማን ስጠኝ!»

«እህቴ… እማ የለችም።»

ጩኸቷን አልጽፈውም። ከዚያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እንዴት? አብረሃት ነበርክ? ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ምንም እንዳታስቀር» አለችኝ።

አብሬያት እንደነበርኩ ነገርኳት። ጁሙዓ ቀን ነበር አልኩ። ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። ውሃ ጠየቀችኝ፤ በኩባያው ክዳን ጠብ ጠብ አደረግኩላት። ያንቺን ስም ጠራች። ጣቷን አንሥታ፣ ከአላህ በቀር አምላክ የለም ብላ ሸሃዳዋን ያዘች። ከዚያ እንደተኛች ሆነች።

«አልተሰቃየችም?»

«አልተሰቃየችም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «አንተ ስለነበርክላት አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ያንኑ እንድነግራት ትጠይቀኛለች። እኔም እነግራታለሁ፤ በነገርኩ ቁጥር ትንሽ እጨምራለሁ። ሻሿ እንዳይወርድ በእጇ እንደያዘችው። በመስኮት ፀሐይ እግሯ ላይ እንደነበር። በኋላ በድምፅ ቀድቼ እንድልክላት ለመነችኝ። ተጠንቅቄ ቀዳሁት። አልጮህኩበትም፤ አላስለቀስኩበትም። ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም አልኩ፤ የሚቆየውን ለመጨረሻ አቆየሁ። በአራት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ አዋልኩበት። እህቴ ሳውዲ ላሉ ጓደኞቿ አሰማቻቸው። ሁሉም አለቀሱ አለችኝ።

የቅዳሜው ስብሰባ እንደገና ሲጀምር የመጣነው ጥቂት ነበርን። ከመካከላችን የሞተ አለ፤ አገር የለቀቀ አለ። መጻሕፍቱም አብዛኞቹ ጠፍተዋል። መምህሩ ተራዬን ሲሰጡኝ በእጄ ሌላ ጽሑፍ አልነበረኝም። ያንን አነበብኩ። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን አልወለወሉትም። ዓይናቸውን ነበር የሚጠርጉት።

«አሁን መጻፍ ጀመርክ» አሉኝ።

ያቺን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሰምቼ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሌሎቹ ሳያነቡ ወጥቼ ሄድኩ።

በዒድ ቀን እህቴ ለጎረቤታችን ልታመሰግናት ደወለች። እናቴን ገንዛ ያስቀበረቻት እሷ መሆኗን ከኔ ሰምታለች፤ ያን ያህሉን አልዋሸሁም። ጎረቤታችን እኔ ምን እንዳልኩ አታውቅም። እውነቱን ነገረቻት። በዚያው ቀን ከሰዓት ላይ ከእህቴ አንዲት አጭር መልእክት ደረሰችኝ።

«ውሃውን ማን ነው ያጠጣት?»

መልስ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩ። አጠፋሁት። ማታ ስደውልላት አላነሳችም። አራት ወር አላነሳችም።

ለመምህሩ ሄጄ ነገርኳቸው። ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«እኔም አለሁበት» አሉ። «ያመሰገንኩህ አሠራሩን ነው። ‹እውነት ነው ወይ› ብዬ ግን አልጠየቅኩህም። የመጀመሪያ ቀን ስለ ሐይቁ የጠየቅኩህ ሰውዬ በእናትህ ጊዜ የት እንደሄድኩ አላውቅም።» ቀጥለው «ሂድና ያየችውን ሴት ጠይቅ» አሉኝ። «ጽፈህ ስትጨርስ ግን እኔ ጋ እንዳታመጣው። የኔ አይደለም።»

ጎረቤታችን ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ደብተር ይዤ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን አልከፈትኩትም። እሷ ስትናገር እጇ ያለማቋረጥ ምስር ይለቅማል።

«ዘጠኝ ቀን ቆየች» አለችኝ። «የቀረችውን መድኃኒት በሁለት ቀን ጨረስናት። ከዚያ ጥም ያዛት፤ ውሃ ብቻ፣ ውሃ ብቻ። ቧንቧ የለም፤ ሽማግሌው ባሌ ከሐይቁ እየቀዳ ያመጣላት ነበር። በየቀኑ ‹መጣ ወይ?› ትለኛለች። ‹መንገድ ላይ ነው› እላታለሁ። እኔም ዋሽቻታለሁ፣ ልጄ።»

«ስሜን ጠርታ ነበር?»

«መጨረሻው ላይ ማንንም አታውቅም። እኔን ‹እናቴ› እያለች ነበር የምትጠራኝ። ‹አሞኛል፤ ገበያ አልሄድም፣ አትቆጪኝ› ትለኛለች። እንዳይከፋት ‹አልቆጣሽም› አልኳት።»

«ሸሃዳዋንስ?»

ምስሩን ተወችው። «እኔ ጆሮዋ ላይ አልኩላት። አለች ማለት አልችልም። አላህ ያውቃል።»

ከፈን፣ መገነዣ ጨርቅ፣ የሚገዛበት ሱቅ እንዳልነበረ ነገረችኝ። እህቴ ከሳውዲ ለአልጋ ብላ የላከችው፣ እናቴ ግን ይቆሽሻል ብላ አንድ ቀን ያላነጠፈችው ነጭ አንሶላ ሣጥን ውስጥ ነበር። በእሱ ገነዘቻት። ጉድጓዱን የቆፈሩት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እየተፈራረቁ፣ እየተቀመጡ፣ ከጠዋት እስከ ዐስር ፈጀባቸው። ጀናዛዋ ላይ የሰገዱት እነሱው ሦስቱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ከዚያ የኔን ድርሻ ጻፍኩ፤ ኩርባውን፣ ሰውዬውን፣ ሚናራውን፣ መመለሴን፣ ነርሷን፣ ያጠፋሁትን ስልክ። ይህኛውን ክፍል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውስም። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰበብ ሾልኮ ይገባብኛል፤ «ማንም ቢሆን» የሚል፣ «በዚያ ሰዓት» የሚል። አገኘዋለሁ፤ እሰርዘዋለሁ። በመጨረሻ «ፈርቼ ተመለስኩ» የሚለው ብቻ ቀረ። ሁለት ቃል ነው። በሕይወቴ እንደሱ የከበደኝ ጽሑፍ የለም።

በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። ድምፄ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብሯል፤ እንደገና አልቀዳሁትም። መስማቷን ስልኩ አሳየኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ የለም። በስምንተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ።

«ሰማሁት» አለች። «በፊት የላክህልኝን እየሰማሁ ነበር የምተኛው። አሁን አጥፍቼዋለሁ። አንሶላው… ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ነጭ ይቆሽሻል ስትለኝ ሳሙና እልክልሻለሁ ብያት ነበር።» ከኋላዋ በር ሲዘጋ ተሰማ። «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት አልደረስኩም። ስደርስ እነግርሃለሁ።»

በዓመቱ እረፍት አግኝታ መጣች። ስንለያይ ወጣት ነበረች፤ ያቀፍኳት ሴት ግን ጠጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። መቃብሩ ላይ ዱዓ አድርጋ ስትጨርስ እዚያው ቁጢጥ ብላ ቆየች። አልቅሳለች ማለት አልችልም፤ ጀርባዋን ነበር የማየው። ጎረቤታችንን አቅፋ ግን ስታለቅስ ሰማሁ፤ ሁለቱን ብቻቸውን ትቻቸው ወጣሁ።

ልትመለስ ሦስት ቀን ሲቀራት ጠዋት ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«የተመለስክበት ቦታ ውሰደኝ» አለችኝ።

በሚኒባስ እስከ ኩርባው ሄድን። ወረድን። ቦታው ምንም የለውም፤ መንገድ ነው፤ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች። እህቴ የቆምኩበትን አስጠቁማኝ ራሷ ቆመችበት። ወደ ታች ብዙ አየች። ከዚያ ወደ ሐይቅ በእግሯ መውረድ ጀመረች። ተከተልኳት። አንዳንዴ እቀድማታለሁ፤ አንዳንዴ ትቀድመኛለች። ባጃጆች እየቆሙ «ግቡ» ይሉናል፤ በእጇ እንዲያልፉ ታመለክታቸዋለች። ፀሐዩ ሲበረታ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ሰዓቷን አየች።

«ከዚያ እስከዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀብን» አለች።

«አዎ» አልኳት።

በሩን ገፍታ ገባች። የእናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ስትጀምር ክሩ ተቋጥሮ አልፈታ አላት። ተንበርክኬ ፈታሁላት። አልከለከለችኝም።